ቀጣዩን ረድፍ የማምጣት ታሪክ፤ ከባለቀዳዳ ካርድ እስከ ድረ ገጽ

አንድ መምህር የተማሪዎቹን ውጤት በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ሲመለከት፣ ወይም አንድ የትምህርት ዕቅድ ባለሙያ የአንድ ወረዳ ት/ቤቶችን ዝርዝር ከድረ ገጽ ላይ ሲያወጣ፣ ዝርዝሩ እንዳለ በአንድ ጊዜ ተጠራርጎ የመጣለት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከገጹ በስተጀርባ ያለው ፕሮግራም ለመረጃ ቋቱ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ መልሱን የሚቀበለው ግን የክፍል ኃላፊ መምህር በጠዋት ስም እንደሚጠራ ሁሉ አንድ በአንድ፣ «ቀጥሎ፣ ቀጥሎ» እያለ፣ የሚጠራ እስኪያጣ ድረስ ነው። በዚህ አጠራር መካከል አንድ ስም ቢዘለል ገጹ ስሕተት መኖሩን አይናገርም። ሰንጠረዡ መስመሩን ጠብቆ፣ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ የጎደለው ግን አንድ ልጅ ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚህን አንድ በአንድ የመጥራት ዘዴ አመጣጥ ባጭሩ ለመመርመር ይሞክራል። ርእሱ ለፕሮግራም አዘጋጆች ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ የትምህርት ስታቲስቲክስ የሚሰበሰበውና የሚታተመው በዚህ ዘዴ አማካይነት ከሆነ ወዲህ ቁጥሩን የሚጠቀምበት ሰው ቁጥሩ በምን መንገድ እንደመጣ ማወቅ ይገባዋል የሚል እምነት አለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

ካርድና ቴፕ

የአሜሪካ መንግሥት በ1880 ያካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ውጤቱ ተጠናቅሮ እስኪወጣ ሰባት ዓመት ያህል ፈጅቶ ነበር። የሕዝቡ ቁጥር እያደገ በመሄዱ የሚቀጥለው ቆጠራ የበፊቱ ሳያልቅ ይደርሳል የሚል ሥጋት ተፈጠረ። ለዚህ መፍትሔ ያስገኘው ሄርማን ሆለሪት የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1890ው ቆጠራ ላይ፣ ከ62 ሚሊዮን ለሚበልጠው ሕዝብ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ተዘጋጀለት፤ ዕድሜው፣ ጾታው፣ የትውልድ አገሩና ሌላውም ሁሉ በካርዱ ላይ በሚበሱ ቀዳዳዎች ይገለጥ ነበር። ሠራተኛዋ ካርዱን በመሣሪያው ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ስትጫን፣ ቀጫጭን መርፌዎች በቀዳዳዎቹ በኩል አልፈው ከሥር ያለውን ሜርኩሪ ይነካሉ፤ የኤሌክትሪክ መሥመሩም ይገጥምና የሚመለከታቸው ቆጣሪዎች አንድ አንድ ይጨምራሉ። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ካርዱ በትክክል ከተነበበ መሣሪያው ደወል ይደውላል። ደወሉ ካልተሰማ ካርዱ ጉድለት አለበት ማለት ስለሆነ ተለይቶ ይቀመጣል። እንግዲህ የመጀመሪያው የረድፍ ማንበቢያ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ሰው መቆጠር በድምፅ ይመሰክር ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ዘዴዎች በፍጥነት እጅግ በለጡት፤ ደወሉን ግን ብዙዎቹ አስቀርተውታል።

የሆለሪት ድርጅት ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1924 አይቢኤም የሚለውን ስም ያዘ። ካርዱም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የመረጃ ሥራ ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆየ። በ1951 ዩኒቫክ የተባለው ኮምፒዩተር ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ሲሰጥ ማግኔታዊ ቴፕ የካርዱን ቦታ መውሰድ ጀመረ። ቴፕ እንደ ክር ጥቅል ነው፤ መቶኛውን መዝገብ ለማግኘት በዘጠና ዘጠኙ ላይ ማለፍ ግድ ይላል። ስለዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ መልክ ይጻፉ ጀመር፤ ይኸውም አንድ መዝገብ አንብብ፣ ሥራበት፣ ተመለስና ቀጣዩን አንብብ የሚል ነው። በ1959 እና በ1960 የተዘጋጀው ኮቦል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚሁ ተግባር የንባብ ትእዛዝ ነበረው። በትእዛዙም ውስጥ ቴፑ ያለቀ እንደሆነ ምን እንደሚደረግ ፕሮግራም አዘጋጁ የሚጽፍበት ሐረግ ተካቶ ነበር። «ቀጣዩን አምጣ» እና «አለቀ» የሚሉት ሁለት ሐሳቦች፣ ዛሬም የድረ ገጽ ፕሮግራም የሚሽከረከርባቸው፣ በዚህ ጊዜ ቋሚ መልክ ያዙ።

መርከብ መሪው

በ1956 አይቢኤም ራማክ የተባለውን ኮምፒዩተር ከዲስክ ጋር ለገበያ አቀረበ። ዲስኩ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ሲሆን፣ ትልቁ ጥቅሙ ወደ ተፈለገው መዝገብ በቀጥታ መድረስ ማስቻሉ ነበር። ቅደም ተከተል ግዴታ መሆኑ ቀረ። አሁን ጥያቄው መዝገቦቹ እርስ በርሳቸው በምን ይያያዙ የሚለው ሆነ።

በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ባክማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባዘጋጀው ሥርዓት መዝገቦችን በሰንሰለት አያያዘ። ለምሳሌ ያህል፣ ከአንድ ት/ቤት መዝገብ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ክፍል፣ ከክፍሉ ወደ መጀመሪያው ተማሪ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ተማሪ እያሉ መጓዝ ይቻላል። አይቢኤም ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ሥራ ሲል ያዳበረውና አይኤምኤስ የተባለው ሥርዓትም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ከዋና ዋና ትእዛዞቹ አንዱ በቀጥታ «ቀጣዩን አምጣ» ማለት ነው። ባክማን በ1973 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር ፕሮግራም አዘጋጁን በመረጃ ባሕር ላይ ከሚቀዝፍ መርከብ መሪ ጋር አመሳሰለው። ምሳሌው ያማረ ነው። ነገር ግን መርከብ መሪ የባሕሩን ካርታ በራሱ ማወቅ አለበት። የመዝገቦቹ አያያዝ በተለወጠ ቁጥር በአሮጌው ካርታ የተጻፈው ፕሮግራም ሁሉ ከዐለት ጋር ይጋጫል፤ ይህም በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ድካም አስከትሏል።

በሳን ሆዜ በአይቢኤም የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ተወላጅ ኤድጋር ኮድ በ1970 ባሳተመው ጥናት ይህን አስተሳሰብ ከሥሩ ነቀለው። ኮድ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ መረጃን የተመለከተው መምህራን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በሚያስተምሩት የስብስብ ጽንሰ ሐሳብ ነው። በእርሱ አስተያየት ሰንጠረዥ የረድፎች ስብስብ ነው፤ ስብስብ ደግሞ ፊተኛና ኋለኛ የለውም። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ይናገር፤ በምን መንገድ እንደሚገኝ መፈለግ ግን የኮምፒዩተሩ ፈንታ ይሁን። በ1974 በሚሺጋን፣ አን አርበር በተደረገ ጉባኤ ላይ የሁለቱ ወገኖች ክርክር በይፋ ተካሄደ። በዚያው ዓመት ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ የኮድን ሐሳብ ለተራ ሰው በሚቀርብ የእንግሊዝኛ አነጋገር የሚገልጥ የመጠየቂያ ቋንቋ አወጡ፤ ቦይስ ግን በዚያው ዓመት ገና በወጣትነቱ ዐረፈ። ቋንቋው በመጀመሪያ ሲኩዌል ተብሎ ነበር፤ በንግድ ምልክት መብት ምክንያት ስሙ አጥሮ ኤስኪውኤል ሆነ።

በታሪክ መጻሕፍት ዘንድ ኮድ አሸነፈ፣ ባክማን ተሸነፈ ተብሎ ይነገራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን በዚህ ፍርድ ሙሉ በሙሉ አይስማማም። ምክንያቱም የኮድ ቋንቋ ጥያቄውን በስብስብ ቢያቀርብም፣ መልሱን የሚቀበሉት እንደ ኮቦልና ፒኤል ዋን ያሉት ቋንቋዎች ስንት እንደሆኑ አስቀድሞ የማይታወቁ ረድፎችን በአንድ ጊዜ የሚይዙበት ዕቃ አልነበራቸውም። አንድ ሰው በእጁ አንድ ጣሳ ብቻ ይዞ ወደ ምንጭ ቢወርድ ውኃው የቱንም ያህል ቢበዛ የሚቀዳው በየጣሳው ነው። ስለሆነም የኮድን ሐሳብ በሥራ ለመፈተን በሳን ሆዜ የተቋቋመው ሲስተም አር የተባለው የምርምር ቡድን በ1976 ባሳተመው ጥናት ከርሰር የተባለ መሣሪያ አስተዋወቀ። ከርሰር በውጤቱ ላይ የሚቀመጥ ጣት ነው፤ ይከፈታል፣ አንድ ረድፍ ያመጣል፣ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል፣ በመጨረሻም ይዘጋል። መርከብ መሪው በፊት በር ተሰናብቶ በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ አሁን የሚቀዝፈው በሙሉው ባሕር ላይ ሳይሆን በተቀዳለት ኩሬ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ፣ በማይክል ስቶንብሬከርና በዩጂን ዎንግ መሪነት ኢንግረስ የተባለውን ሥርዓት የሠራው ቡድን ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። በዚያ፣ ጥያቄው ራሱ ዙር ነው፤ ከጥያቄው ሥር የተጻፉት ትእዛዞች ለመጣው ረድፍ ሁሉ በየተራ ይፈጸማሉ። «ክፈት፣ አምጣ፣ ዝጋ» ማለት አላስፈለገም። ይህ ለጀማሪ ይቀላል፤ ለስሕተትም የሚተወው ቀዳዳ ያነሰ ነው። ሆኖም በ1986 ለኤስኪውኤል የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሲወጣ የጸደቀው የከርሰሩ አሠራር ነው። በዚሁ ደረጃ መሠረት የሚመጣ ረድፍ ሲጠፋ ሥርዓቱ ለፕሮግራሙ 100 የሚል ቁጥር ይመልሳል። የቴፑ «አለቀ» በቁጥር ተተካ።

ድረ ገጽ

ቲም በርነርስ-ሊ በስዊዘርላንድ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል በ1989 ሐሳቡን አቅርቦ በ1991 ለሕዝብ ያዋለው ድረ ገጽ በመጀመሪያ ተጽፎ የተቀመጠ ሰነድ ብቻ የሚያሳይ ነበር። በ1993 ሰርቨሩ ገጹን በጥያቄው መሠረት በፕሮግራም እያዘጋጀ የሚልክበት ዘዴ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የመረጃ ቋትን ከገጹ ጋር ማገናኘት የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነበር።

ግንኙነቱን ያስፋፉት ትላልቅ ኩባንያዎች አልነበሩም። በአውስትራሊያ ዴቪድ ሂዩዝ ኤምኤስኪውኤል የተባለ ትንሽና ርካሽ የመረጃ ቋት ሠራ። በ1995 ራስመስ ለርዶርፍ የተባለው የግሪንላንድ ተወላጅ ለግል ገጹ የሠራቸውን መሣሪያዎች ፒኤችፒ ብሎ በነጻ አሠራጨ፤ መሣሪያዎቹም ቀስ በቀስ ራሱን ወደቻለ የፕሮግራም ቋንቋ አደጉ። በዚያው ዓመት ሚካኤል ቪዴኒየስና ባልደረቦቹ ማይኤስኪውኤልን አወጡ፤ «ማይ» የሚለው ቃል የቪዴኒየስ ሴት ልጅ ስም ነው። ማይኤስኪውኤል ከፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርባቸው ትእዛዞች ሆን ተብለው ከኤምኤስኪውኤል ጋር እንዲመሳሰሉ ተደርገው ስለነበር ተጠቃሚው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አልተቸገረም። በ1998 ሦስተኛው የፒኤችፒ እትም ሲወጣ ሁለቱ ተጣምረው በዓለም ዙሪያ ተሠራጩ፤ ገንዘብ የሌለው ተማሪም ሆነ ትንሽ መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ ሊጠቀምባቸው ቻለ።

በዚያ ዘመን ፒኤችፒ የተማረ ሰው ሁሉ በቃሉ የያዘው አንድ መስመር ነበር። መስመሩ በአማርኛ ቢነገር፣ «ከውጤቱ ቀጣዩን ረድፍ አምጥተህ ረድፍ በተባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጥ፤ ያመጣኸው ካለ በእርሱ ሠርተህ ተመለስ፤ ከሌለ ከዙሩ ውጣ» እንደማለት ነው። ማምጣቱም፣ ማስቀመጡም፣ ማለቁን መጠየቁም በአንድ መስመር ተጠቃለዋል። አጭርነቱ ተወዳጅ አደረገው፤ የስሕተቱም ምንጭ ይኸው አጭርነት ሆነ።

በመጀመሪያ፣ ውጤቱ ባዶ መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ሲባል ከዙሩ በፊት አንድ ጊዜ «አምጣ» የተባለ እንደሆነ የመጀመሪያው ረድፍ ይወሰዳል፤ ዙሩ የሚጀምረውም ከሁለተኛው ነው። አንድ ክፍል 48 ተማሪዎች ቢኖሩት ገጹ የሚያሳየው 47ቱን ይሆናል፤ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ከተቀመጠ ደግሞ ዘወትር የሚጠፋው ያው የመጀመሪያው ልጅ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይረቃል። ዙሩ የሚቀጥለው የመጣው ነገር «አለ» ተብሎ ሲፈረድ ነው። ፕሮግራም አዘጋጁ ሙሉውን ረድፍ በማምጣት ፈንታ ከረድፉ አንዱን ዓምድ፣ ለምሳሌ ማርኩን ብቻ፣ እንዲያመጣለት ቢያዝ፣ ፒኤችፒ ዜሮን እንደ «የለም» ስለሚቆጥረው ዜሮ ያገኘው ተማሪ ላይ ሲደርስ ዙሩ ይቆማል። ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ማርካቸው ምንም ይሁን ምን አብረው ይቀራሉ፤ የክፍሉ አማካይ ውጤትም በቀሩት ብቻ ይሰላል። ከዚህ የሚያድነው ዘዴ ቀላል ነው፤ የመጣው ነገር በትክክል የማለቂያው ምልክት መሆኑን ለይቶ መጠየቅ ይበቃል። ነገር ግን ሙከራው የተደረገው ዜሮ በሌለበት ክፍል ላይ ከሆነ ስሕተቱ ለዓመታት ተሰውሮ ሊኖር ይችላል።

ድረ ገጽ ያመጣው ሌላም ችግር አለ። ሰርቨሩ አንድ ገጽ ልኮ ካበቃ በኋላ ጠያቂውን አያስታውሰውም፤ የከፈተው ከርሰርም ከገጹ ጋር ይሞታል። ሺህ ስሞች ያሉትን ዝርዝር በሃምሳ ሃምሳ ከፍሎ ለማሳየት እያንዳንዱ ገጽ አዲስ ጥያቄ መሆን አለበት፤ «መቶውን ዝለልና ቀጣዮቹን ሃምሳ ስጠኝ» ይላል። ለዚህ የሚያገለግለው ቃል በየመረጃ ቋቱ ይለያይ ነበር፤ የጋራ ደረጃ የወጣለት በ2008 ነው። እዚህ ላይ የኮድ ትምህርት ተመልሶ ይመጣል። ሰንጠረዥ ፊተኛና ኋለኛ ስለሌለው በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጥ በጥያቄው ውስጥ ካልተገለጸ «መቶውን ዝለል» ማለት ትርጉም ያጣል፤ አንዱ ተማሪ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ገጽ ሲታይ ሌላው በየትኛውም ላይ ላይታይ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ቢነገር እንኳ፣ አንባቢው ሁለተኛውን ገጽ እያየ ሳለ በመጀመሪያው ገጽ ክልል አዲስ ስም ቢመዘገብ ረድፎቹ አንድ ደረጃ ይንሸራተታሉ።

ለዕቅድ ባለሙያ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የመቁጠሩ ጉዳይ ነው። ጀማሪ ፕሮግራም አዘጋጅ የ40 ክፍሎችን ዝርዝር በአንድ ጥያቄ ካመጣ በኋላ፣ በዙሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍል መምህራኑን እንደገና ይጠይቃል፤ ጥያቄው 41 ይሆንና ገጹ ያዘግማል። ልምድ ያለው ሰው ሁለቱን ሰንጠረዦች አጣምሮ በአንድ ጥያቄ ያመጣቸዋል። ፍጥነቱ ያስደስታል። ነገር ግን አንድ መምህር በሦስት ክፍሎች የሚያስተምር ከሆነ በተጣመረው ውጤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ዙሩ በተሽከረከረ ቁጥር አንድ የሚጨምር ቆጣሪም ሦስት መምህራን አሉ ይላል። የመምህራን እጥረት በወረቀት ላይ የሚጠፋበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። በመሠረቱ መቁጠር የመረጃ ቋቱ ሥራ ስለሆነ፣ የተለያዩ መምህራን ስንት እንደሆኑ እርሱን ራሱን መጠየቅ እንጂ በዙሩ ማስቆጠር አይገባም።

ረድፎች ሳይታወቅ መቅረታቸው በትላልቅ መንግሥታትም ደርሷል። በ2020 የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት የኮሮና በሽታ ምርመራ ውጤቶችን ከላቦራቶሪዎች ሲሰበስብ የተጠቀመበት አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ የማይቀበል ነበር። ትርፉ ረድፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ቀረ፤ በሽታው የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች በየቀኑ ከሚወጣው ቁጥር ውስጥ ሳይገቡ ሰነበቱ፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውም በጊዜው አልተፈለጉም።

የቀድሞዎቹ የፒኤችፒ ትእዛዞች ሌላም ጉድለት ነበረባቸው። ተጠቃሚው በገጹ ላይ የጻፈው ቃል እንዳለ ከጥያቄው ጋር ስለሚቀጠል፣ ተንኰለኛ ሰው በስም ፈንታ ትእዛዝ ጽፎ የመረጃ ቋቱን ሊያዛባ ይችላል፤ ይህ አደጋ ከ1998 ጀምሮ በጽሑፍ ሲገለጽ ቆይቷል። ጥያቄውንና ከውጭ የመጣውን ቃል ለይተው የሚልኩ አዳዲስ መሣሪያዎች በ2004 እና በ2005 ወጡ። የቀድሞዎቹ ትእዛዞች በ2013 እንዲተዉ ማሳሰቢያ ተሰጠባቸው፤ በ2015 መጨረሻ በወጣው ሰባተኛ እትም ከቋንቋው ፈጽመው ወጡ። ይህም ሆኖ በአሮጌው ትእዛዝ የተጻፉ የትምህርት መጻሕፍት ከመደርደሪያ ስላልወረዱ፣ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጡ መምህራን የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት መመልከት ይኖርባቸዋል።

የግእዝ ፊደል በረድፍ ውስጥ

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ሲሆን፣ ማይኤስኪውኤል ዩኒኮድን መደገፍ የጀመረው በ2004 በጸደቀው እትሙ ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ለአንባቢ አምስት ፊደል ነው፤ ባይት ለሚቆጥረው የፒኤችፒ ትእዛዝ ግን 15 ነው። እንግዲህ ዙሩ ስሞቹን እያመጣ በሰንጠረዡ ስፋት ልክ በባይት ቢቆርጣቸው ፊደሉ ከመካከል ይሰበርና በቦታው ትርጉም የሌለው ምልክት ይታያል። በመረጃ ቋቱና በፕሮግራሙ መካከል ያለው ግንኙነት በየትኛው አጻጻፍ እንደሚካሄድ ካልተነገረ ደግሞ ረድፉ በቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ስሞቹ ግን በጥያቄ ምልክት ተተክተው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በዛሬው የአማርኛ ንባብ ድምፃቸው አንድ ነው፤ በዩኒኮድ ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር አላቸው፤ የመረጃ ቋቱም የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በአንደኛ ክፍል «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ልጅ ወደ ሌላ ት/ቤት ሲዛወር በ«ሀይሉ» ቢፈለግ ውጤቱ ባዶ ይሆናል። ዙሩ አንድም ጊዜ ሳይዞር ያልቃል፤ መዝጋቢውም ልጁን እንደ አዲስ ይመዘግበዋል። በመሆኑም በወረዳው ቁጥር አንድ ልጅ ሁለት ይሆናል፤ ቀድሞ በነበረበት ት/ቤት ደግሞ ትምህርቱን እንዳቋረጠ ሊቆጠር ይችላል። ይህን ለማስቀረት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ከስሙ ዓምድ ጎን ሌላ ዓምድ ማስቀመጥ ነው። ወላጅ የሰጡት አጻጻፍ በመጀመሪያው ዓምድ ሳይነካ ይቆያል፤ በሁለተኛው ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ፊደል ተመልሰው ይጻፋሉ፤ ፍለጋው በሁለተኛው ይካሄድና በሮስተሩ ላይ የሚታተመው የመጀመሪያው ይሆናል።